የሁለተኛው አጋማሽ ድምፅ

አንቴና የሚሏት ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ብቻ አይደለም። በልጅነቷ የቤታቸው ቴሌቪዥን ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግር፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሽቦውን የምታዞረው እሷ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወደ ግራ! ኧረ አበላሸሽው! መልሺው!» እያለ ይጮሃል። ሥዕሉ ጥርት ሲል ደግሞ «በቃ እዛው ቁሚ፣ እንዳትነቃነቂ!» ይላታል። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። ሠፈሩ ወዲያው ተቀበለው፣ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ፤ ኋላ ራሷ መምህርት ሆና እንኳ ተማሪዎቿ ከጀርባዋ በዚሁ ስም ያሟት ነበር።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች የስፌት መኪና ነው፤ የተማሪ የደንብ ልብስ፣ የሆስፒታል ጋውን፣ መጋረጃ፣ የመጣውን ሁሉ ትሰፋለች። ይቺ ሴት ታዲያ ኳስ ነፍሷ ነው። ችግሩ መኪናው ብርሃን ፍለጋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፣ ቴሌቪዥኑ ያለው ከጀርባዋ ነው። ዞር ካለች ስፌቱ ይጣመማል፣ ባስ ካለም ጣቷን ትወጋለች። ስለዚህ ትንሿ ልጅ በጨርቁ ክምር ላይ ትቀመጥና ጨዋታውን ትነግራታለች።

«ኳሱ ማን ጋ ነው?» ትላለች እናቷ።

«ሰባት ቁጥሩ ጋ።»

«የት ነው ያለው?»

«በቀኝ መስመር… እንዴት አሪፍ አድርጎ አለፈው መሰለሽ!»

«አሪፍነቱን ተይውና የት እንደደረሰ ንገሪኝ!»

መኪናው ሲንኳኳ ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ እናቷ እግሯን ከመርገጫው እስክታነሳ ትጠብቅና በዚያች ክፍተት ውስጥ የሆነውን ሁሉ አጭር አድርጋ ትነግራታለች። ጎል ሲገባ ግን መኪናም ሥራም የለም። እናቷ ተነስታ በእልልታ ቤቱን ታናጋዋለች፤ ጎረቤትም ሳይጠይቅ ማን እንዳገባ ያውቃል።

አንቴና አድጋ ቋንቋ ተማረች፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰዋስውና ድርሰት ማስተማር ጀመረች። ጥሩ መምህርት ነበረች። ሆኖም በዓመት አንዴ በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ድምፅ ማጉያ ይዛ ውድድሩን ስታስተላልፍ ያያት ሰው፣ ይቺ ልጅ ቦታዋ የት እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በስፖርት ጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ከፍቶ ተማሪ እንደሚቀበል ሰማች። ወሬውን መጀመሪያ የነገረችው ለወንድሟ ነው። እሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ ደንበኞቹ ፊት ከት ብሎ ሳቀባት።

«ለኳስ ማስተርስ? እንዲህ ከሆነማ ነገ ደግሞ ለካርታ ጨዋታ ዶክትሬት ይከፈታል ማለት ነው!»

ማታ ራት ላይ እናቱ ፊትም ደገመው። እናትየው ከሳህኗ ቀና አላለችም።

«አንተ ሱቅህን ጠብቅ» አለችው። «ይቺ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ለእኔ ሠርታለች። አሁን ደግሞ ለሌላውም ትሥራ።»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ስታስተምር ቆይታ፣ እጇ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳትታጠብ በአውቶቡስ ትበራለች። የመማሪያ ክፍሉ በአሮጌ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ የወንበሮቹ መጻፊያ ግማሹ ተገንጥሏል፣ መስኮቱ ወደ መሮጫው ሜዳ ያያል። አብረዋት የሚማሩት አብዛኞቹ በዕድሜ ታናናሾቿ ናቸው። አንዱ መዝገቡ ይባላል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሳይሆን ጓደኞቹ ያወጡለት ነው። የትኛው ቡድን በየትኛው ዓመት፣ በማን ጎል፣ በስንተኛው ደቂቃ እንዳሸነፈ ጠይቁት፤ ሳያስብ ይመልሳል። አንቴና እሱ አፉን ሲከፍት በተቀመጠችበት ታንሳለች።

ዋናው መምህር ዶክተሩ ናቸው። በጋዜጣ ሥራ የሸበቱ፣ ከሲታ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን ወር ተማሪዎቹን ድምፅ የሌለው ጨዋታ እያሳዩ ያጽፏቸዋል፤ ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው የአድናቆት ቃል ያሳድዳሉ። የአንቴናን የመጀመሪያ ጽሑፍ ሲመልሱላት ወረቀቱ በግ የታረደበት ይመስል ነበር።

«‹አስደናቂ› ብለሻል» አሏት። «ማንን ነው የደነቀው?»

«እኔን… ተመልካቹንም።»

«እንግዲያው ተመልካቹ ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ። ተነሳ? ጮኸ? ባርኔጣውን ወረወረ? መደነቁን ለአንባቢው ተይለት።»

መጀመሪያው መንፈቅ ላይ ልትተወው ደርሳ ነበር። የተማሪዎቿ ፈተና ወረቀት ሳይታረም ይከመራል፣ የራሷ ንባብ ይከመራል፣ በአውቶቡስ ውስጥ ቆማ ያንቀላፋችበት ቀን አለ። በተለይ የሰለቻት የሥነ ምግባሩ ኮርስ ነበር። ስለ ግላዊነት፣ ስለ ሐዘንተኛ ቤተሰብ፣ ስለ ማረጋገጥ… ረጃጅም ንባብ፣ ደረቅ ክርክር። የጨዋታ ትንተናው ላይ ከፍተኛ ውጤት ስታመጣ በዚህኛው መካከለኛ ነጥብ አግኝታ አለፈች፤ አልቆጫትምም።

በሁለተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የራዲዮ ጣቢያ ተላከች። እዚያ የምታግዘው አንጋፋ አስተላላፊ ነጎድጓድ ይባላል። እውነትም ነጎድጓድ ነው፤ ጎል ሲል የስቱዲዮው መስታወት ይርገበገባል። ሰውየው ግን እንደ ድምፁ ኃይለኛ አይደለም። ልምምድ ላይ ያለን ሰው ሻይ እንዲያመጣ የሚልኩት ብዙዎች ናቸው፤ እሱ ግን ከጎኑ አስቀምጦ «እዚህ ጋ ምን አየሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር፤ ቀልጣፋ፣ በሁለት ጆሮው ሁለት ስልክ የሚያወራ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚፈራ። እሱም ዝምታ ነው። «አየር ላይ ዝም አትበሉ!» ይላል ሁልጊዜ። «ዝም ካላችሁ አድማጩ ሌላው ጣቢያ ላይ ነው!»

የዚያን እሑድ ጨዋታ ወደ ላይኛው እርከን ለማለፍ የሚደረግ ነበር። ስታዲየሙ አርጅቷል፤ የአስተላላፊዎቹ ክፍል ሲባል ከእንጨት የተሠራች ጠባብ ሳጥን ናት፣ ከፊት ያለው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፣ ነፋስ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ሦስት ሆነው ተጣበው ተቀመጡ፤ ነጎድጓድ፣ እሷና የድምፅ ቴክኒሻኑ። ነጎድጓድ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዞት ከርሟል። የመጀመሪያውን አጋማሽ እንደምንም ተወጣው፤ በእረፍት ሰዓት ግን ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ።

«ጉሮሮዬ ዘጋ» አላት በእጁ አንገቱን ይዞ። «አንቺ ጀምሪ። ትኩስ ነገር ጠጥቼ መጣሁ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን። ደግሞ ምን ሆነሽ? ኳሱ ያው አንድ ነው።»

ወርዶ ሄደ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ አንቴናም ማይክሮፎኑን ይዛ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እየተንተባተበች አሳለፈች፣ ከዚያ ምላሷ ተፈታ። ኳሱ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ ማን እንደተነሳ ትናገራለች። ቴክኒሻኑ፣ ብዙም የማይናገር ሰው፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያት።

ኳሱ ወጥቶ በእጅ ሊወረወር ነው። ሁሉም ሰው ወደዚያ ያያል። እሷ ግን በዓይኗ ጫፍ መሃል ሜዳ ላይ አንድ ነገር አየች። የመጀመሪያውን አጋማሽ እንደ ልቡ የተጫወተው ስምንት ቁጥሩ፣ ገና ጺሙ ያልጠና ወጣት፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዟል። ቀና ሊል ሞከረ። ከዚያ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በግንባሩ ወደቀ።

«ስምንት ቁጥሩ ወደቀ» አለች፤ ስሙንም ጠራች። «ማንም አልነካውም። አጠገቡ ሰው አልነበረም።»

መጀመሪያ የደረሰለት የተጋጣሚው በረኛ ነበር፤ ከጎሉ ድረስ ሮጦ መጥቶ በጎኑ አስተኛው፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ። ወጌሻው ቦርሳውን እየጎተተ ደረሰ፤ ቦርሳውን ሳይከፍት ጥሎት ደረቱን መጫን ጀመረ። ተጫዋቾቹ ከበቡ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን በመለያቸው ሸፈኑ። ስታዲየሙ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ጸጥ ሲል አንቴና ሰምታ አታውቅም። በሰዎቹ እግር መካከል የልጁ አንድ ጫማ ይታያታል፤ አይንቀሳቀስም። እሱን አልተናገረችም።

«እርዳታ እየተደረገለት ነው» አለች። «ጓደኞቹ ከበውታል። ጨዋታው ቆሟል።» ከዚያ ዝም አለች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ደግሞ የምታየውን ተናገረች። «አምቡላንሱ ወደ ሜዳው እየገባ ነው።»

ቃሬዛው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ሁሉም እፎይ ያለ መሰለ። አምቡላንሱ ግን በኋላው በር ሊወጣ ሲል ቆመ። መንገዱ ላይ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ገብተዋል፤ አንድ ነጭ ሚኒባስና አንዲት ሰማያዊ አውቶሞቢል መውጫውን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። አምቡላንሱ እየጮኸ እዚያው ቆሞ ቀረ። አንቴና ከፍታ ላይ ስለሆነች ወለል ብሎ ይታያታል። በበሩ አካባቢ ካሉት ብዙዎቹ ደግሞ ትንንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ አድርገዋል።

«በኋላው በር በኩል የምትሰሙኝ!» አለች፤ ድምፅዋ የመምህርት ድምፅ ሆነ። «አምቡላንሱ መውጫ አጥቷል። የነጩ ሚኒባስ ሹፌር፣ አሁኑኑ አንሳ። የሰማያዊዋ ባለቤት ከሌለ እናንተ አንሷት። በእጃችሁ፣ ተጋግዛችሁ አንሷት!»

ሰዎች ሲሮጡ አየች። ሚኒባሱ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ሰማያዊዋን መኪና ጎረምሶችና ሽማግሌዎች ከበው፣ አንዴ ብድግ፣ ደግሞ ብድግ አድርገው እግረኛ መንገድ ላይ አወጧት። አምቡላንሱ ወጣ። ቴክኒሻኑ ሳትነግረው ተነስቶ ደረጃውን ወረደ፤ የክለቡን ሥራ አስኪያጅ አግኝቶ ልጁ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሄደ ጠይቆ ተመለሰና ወረቀት ላይ ጽፎ አሳያት።

ይሄኔ የኃላፊው ድምፅ ከስቱዲዮ በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ ገባ።

«ሌላው ጣቢያ ልጁ ሞቷል ብሏል! ቀደሙን! በይ ተናገሪ!»

ቴክኒሻኑ ሙዚቃ ለቀቀላት። «ማን ነው ሞቷል ያለው? ሐኪም ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሌላው ጣቢያ ነው እያልኩሽ!»

«ጋሼ፣ ጣቢያ ሐኪም አይደለም። እኔ ሲወጣ ነው ያየሁት፤ ሲሞት አላየሁም። ቤተሰቡ ይሰማል።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ! ማይኩን ለነጎድጓድ ስጪ!»

ነጎድጓድ እያለከለከ በሩ ላይ ደርሷል። ማይክሮፎኑን አቀበለችው። ሰውየው ባዶ ሜዳውን፣ ከዚያ እሷን አየ። ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ወደ እሷ መለሰው።

«ያየሽው አንቺ ነሽ» አላት በዚያ በተዘጋ ድምፁ። «ጨርሺው።»

ሙዚቃው ቆመ። አንቴና አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስምንት ቁጥሩ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል» አለች፤ የሆስፒታሉንም ስም ተናገረች። «የክለቡ ወጌሻ አብሮት ነው። ስላለበት ሁኔታ ሐኪም እስኪናገር ድረስ እኛ የምናውቀው ነገር የለም። ቤተሰቦቹ እየሰማችሁን ከሆነ፣ ወደዚያው ሂዱ።»

ጨዋታው ተቋረጠ፤ ስርጭቱም አበቃ። ደረጃውን ስትወርድ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ደወለች። ስትደውል ሁልጊዜ ከኋላዋ የስፌት መኪናው ኳኳታ ይሰማል፤ ዛሬ ምንም አይሰማም።

«ሰማሁሽ» አለች እናቷ።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ በዚያን ሰዓት አልሞተም። አምቡላንሱ ውስጥ ልቡ እንደገና መምታት ጀምሮ ነበር። እናቱ ቤት ሆና የአንቴናን ስርጭት ትሰማ ነበርና ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች። ጀምበር ስትጠልቅ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ነቃ፤ እናቱን አወቃት፣ «አባዬስ?» ብሎ ጠየቃት።

አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ልጃቸው መውደቁን የሰሙት ተርሚናል ላይ ነው። አውቶቡሱን ለጓደኛቸው ትተው ታክሲ ያዙ። የታክሲው ራዲዮ የተከፈተው ያኛው ጣቢያ ላይ ነበር። መንገድ ላይ እያሉ የልጃቸውን ሞት ሰሙ። ታክሲው ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሹፌሩ ደንግጦ፣ የሚያውቃቸው የሠፈር ሰው እየመራው ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። እናትየው ስልኳን ጥላው ወጥታለች፤ የሚያገናኝ ጠፋ። ጎረቤት ከሆስፒታል እየሮጠ መጥቶ «ኧረ ልጁ በሕይወት አለ!» እስኪል ድረስ አባትየው መሬት ላይ ተኝተው የልጃቸውን ስም እየጠሩ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ልጁ ተመልሶ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ አልነቃም። አባትየው እጁን እንደያዙ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ያኛው ጣቢያ በዜናው መጨረሻ ላይ፣ ከአየር ጠባዩ ቀደም ብሎ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ጠየቀ። የእሷ ጣቢያ ኃላፊ ደግሞ ለሁለት ሳምንት አላናገራትም። ልጁ ሲወድቅ የሚያሳየው ቪዲዮ በየሰዉ ስልክ ዞረ።

የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ የምታቀርብበት ጊዜ ሲደርስ ዶክተሩ ቢሯቸው ጠሯት።

«ሥራሽ ፊትሽ ላይ ነው» አሏት። «የራዲዮ ጣቢያዎች በቀጥታ ስርጭት ላይ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚያደርጉ ማንም አላጠናውም።»

«በሰው ሐዘን ልመረቅ ነው እንዴ ዶክተር? ይቅርብኝ።»

ድምፃቸው ቀነሰ። «ሂጂና ቤተሰቡን ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ እዚያው አበቃ፤ ሌላ ርዕስ እንፈልጋለን። ሳትጠይቂ ግን በእነሱ ቦታ ሆነሽ አትወስኚ።»

ለመሄድ ብዙ ቀን ፈጀባት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ የአባትየው የሥራ ጃኬት በር ጀርባ ተሰቅሏል፣ ከአጠገቡ የልጁ የልምምድ ቱታ አለ። እናትየው ሰላም ብላት ውሃ አቀረበችላትና ጓዳ ገባች። አባትየው ወንበራቸውን አስጠግተው ፊቷን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። አንቴና ለምን እንደመጣች መናገር ጀመረች።

«ቆይ» አሏት። «ያቺ የራዲዮዋ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መጀመሪያው አጋማሽ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። የሚያስተላልፈው ሌላ ሰው ነበር እንጂ እኔም እያየሁ ነበር።»

ሰውየው ጉልበታቸውን በእጃቸው አሹት። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁም። የመጣው ሰው ሁሉ ስለ መውደቁ ነው የሚነግረኝ። ሁሉም ስለ መውደቁ። እስቲ አንቺ… እንዴት እንደተጫወተ ንገሪኝ።»

አንቴና የያዘችውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ነገረቻቸው። ልጁ ከመሃል ተከላካዮቹ ኳስ ተቀብሎ ሲዞር ከኋላው ያለውን ሰው ሳያይ እንዴት እንዳወቀው። በግራ መስመር የሚሮጠው ጓደኛው ገና እጁን ሳያነሳ ኳሱ እግሩ ሥር እንዴት እንደደረሰለት። አንድ ጊዜ ኳስ ተቀምቶ፣ ወደ ዳኛው ሳያማርር ግማሽ ሜዳ ሮጦ መልሶ እንዳስጣለ። ከእረፍቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከፍጹም ቅጣት ክልሉ ውጪ በግራ እግሩ መትቶ፣ ኳሱ አግዳሚውን ለትሞ ሲመለስ ራሱን ይዞ እንደሳቀ። አጭር አጭር እያደረገች፣ አንድ የአድናቆት ቃል ሳትጨምር ነገረቻቸው።

«በግራ ነው ያልሽው?» አሏት ድንገት።

«በግራ።»

«አግዳሚውን መታው?»

«መታው። በረኛው አልተንቀሳቀሰም።»

አባትየው ወደ ተሰቀለው ቱታ አዩ። «ግራ እግሩ ሰነፍ ነበር እኮ። ትንሽ ልጅ ሳለ የቀኝ ጫማውን አስወልቄ ነበር የማለማምደው፤ ባዶ እግሩ እንዳያመው ሲል በግራው ይመታል። እናቱ እግሩን ልታደማው ነው እያለች ትጣላኝ ነበር።» ዘወር ሲሉ እናትየው የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አይታወቅም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና «እውነቱን ነው፣ እጣላው ነበር» አለች።

ሦስቱም አለቀሱ። ሲረጋጉ አባትየው ጥናቱን እንድትሠራ ፈቀዱላት።

«የሆነውን ሁሉ ጻፊው፣ እኔንም ጭምር። ሌላ አባት እንደኔ እንዳይሆን። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲወድቅ የሚያሳየውን አታስገቢው። ድምፁንም፣ ሥዕሉንም። በየስልኩ በቂ ነው።»

ቃሏን ሰጠቻቸው።

ጥናቱን ለመጻፍ ወራት ፈጀባት። ያንን የሰለቻትን የሥነ ምግባር ኮርስ ንባብ ከየመደርደሪያው ሥር ፈልጋ እንደገና አነበበችው፤ አሁን እያንዳንዱ ገጽ የሰው ፊት ነበረው። አስተላላፊዎችን፣ ሐኪሞችን፣ የዚያኛውን ጣቢያ ጋዜጠኛ ሳይቀር አነጋገረች። ያ ጋዜጠኛ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው፤ «በስልክ የሆነ ሰው ነገረኝ፣ አለቃዬ ፍጠን አለኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ስሙን አልጻፈችውም።

ጥናቷን በፈታኞች ፊት በምትከላከልበት ቀን ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ እናቷ ራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከውጭ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ጥናቱ ሁሉ የቆመው በአንድ ስርጭት ላይ ነው። የስርጭቱ ቅጂ ግን አልተያያዘም። ዋናው ማስረጃ እኮ እሱ ነው።»

«የልጁ አባት እንዳላስገባው ጠይቀውኛል» አለች አንቴና። «ቃል ገብቻለሁ።»

«ይህ የምርምር ሥራ ነው፤ ውጤትሽን እንደሚነካው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ነካውም። አለፈች እንጂ ከፍተኛውን ማዕረግ አላገኘችም፤ እሱን መዝገቡ ወሰደው፣ ይገባዋልም። ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጨበጧትና «ፈታኙ ትክክል ናቸው፤ አንቺም ትክክል ነሽ። እንዲህም ያጋጥማል» ብለዋት ሄዱ። ወንድሟ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለደንበኛ ሁሉ «እህቴ የኳስ ዶክተር ናት» ይላል። ማስተርስ ነው ብትለው አይሰማም።

ሥራው ቶሎ አልመጣም። አንቴና ወደ ሰዋስው ማስተማሯ ተመለሰች፤ ያሰበችው የቀረ መሰላት። የዓመቱ መጨረሻ ላይ የነጎድጓድ ጉሮሮ ታክሞ ሐኪም ድምፁን እንዲቀንስ አዘዘው። የዚያን ሳምንት ኃላፊው ደወለ።

«ያን ዕለት ላባርርሽ ነበር» አላት ያለ ሰላምታ። «እቤቴ ገብቼ ለሚስቴ አንዲት ተማሪ አዋረደችኝ አልኳት። ከዚያ የአባትየውን ነገር ሰማሁ።» ዝም አለ፤ ዝምታ የሚፈራው ሰው። «ጥናትሽ ላይ ያለችውን ያቺን ደንብ አሳጥረሽ ጻፊልኝ፤ ሐኪም ሳያረጋግጥና ቤተሰብ ሳይሰማ ሞት አይነገርም የምትለዋን። አስተላላፊዎቹን ሁሉ አስፈርማለሁ። ደግሞ እሑድ ነይ፣ ጨዋታ አለ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«አየር ላይ ዝም ማለትን ግን አሁንም አልወድም። ብቻ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

በተቀጠረችበት በመጀመሪያው እሑድ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሜዳ ላይ ነበረች። ዝናብ ያባራበት ሣር ያብለጨልጫል። ነጎድጓድ ከጎኗ ተቀምጦ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ፣ ከአጥቂዎቹ አንዱ ማንም ሳይነካው ተንበረከከ። አንቴና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር አቋርጣ ወደ ፊት ተንጠራራች። ልጁ የጫማውን ክር አሰረ፣ ተነሳ፣ ጭቃውን ከጉልበቱ አራግፎ ሮጠ። ነጎድጓድ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እሷ ትንፋሿን ሳበችና ኳሱ ወዳለበት ወደ ቀኝ መስመር ዞረች።